ግማሿ ሰማያዊ ጨርቅ

«ለሽማግሌው አንድ ዓመት ይበቃዋል» የሚለውን ቃል ዶሪያና የሰማችው የቀለም መሞከሪያ ቁራጮቿን በክንዷ እንዳንጠለጠለች፣ በወንድሟ በማሪኖ ቢሮ በር ላይ ቆማ ነው። የማሪኖ ቢሮ ከኮሪደሩ የሚለየው ጣሪያ በማይደርስ መስታወት ነው። ያስገጠሙት አባታቸው ነበሩ፤ እሳቸው ውስጥ ተቀምጠው ውጪ የሚወራውን ሁሉ ለመስማት ነበር ያሰቡት። ድምፅ ግን ወደ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ወደ ውጪም እንደሚሄድ ማሪኖ አለቃ ከሆነ ወዲህ ረስቶታል። የሚያነጋግረው ከሚላኖ የመጣችውን ዶክተር ሶርማኒን ነበር። ዶክተር መባሏ በሽተኛ አይታ አይደለም፤ ኩባንያዎች እንዴት ተስማምተው አብረው እንደሚሠሩ የምትመክር ናት፣ ለዚህም በሰዓት የምትጠይቀው ሂሳብ እውነተኛ ሐኪም ያስቀናል።

«ኔዶ ቢጠይቅስ?» አለች ዶክተሯ።

«ኔዶ አይጠይቅም። መነጽሩ ከጠፋበት ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሌላ ግዛ ሲሉት ‹ትገኛለች› ይላል። እህቴ ከፈረመች ይፈርማል። በዓመቱ ጥለቱ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በዘጠነኛው አንቀጽ ድምፅ እንሰጣለን።»

ዶሪያና ዘጠነኛውን አንቀጽ አንብባው ነበር። ባለፈው እሑድ የአዲሱን ውል አርባ ሦስት ገጽ አባሪ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ከፊደሉ ጋር ስትታገል ውላ፣ «መለኪያውን የማያሟላ አባል» የሚለው ላይ ስትደርስ አዛጋት፣ አለፈችው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እሷን ግን የወሰዳት እያዛጋት ነው። አሁን ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነገሩ ተገጣጠመላት። እያንዳንዱ አባል ልዩ ሙያውን ለመረቡ፣ ቤቶቹ አብረው ለሚመሠርቱት ኅብረት፣ ያስረክባል፤ ከአሥራ ሁለት ወር በኋላ ከስምንት መሸመኛ በታች ያለው ሸማኔ በድምፅ ብልጫ ሊሰናበት ይችላል፤ ያስረከበው ግን አይመለስለትም። በጨርቅ ከተማዋ በፕራቶ ለዚህ ውል ከተጠሩት ሰባት ቤቶች አራት መሸመኛ ብቻ ያለው ኔዶ ነው። እንደ ሽምብራ ጉብ ጉብ የሚለውን፣ ነጋዴው ሁሉ «ሽምብራ» እያለ የሚጠራውን የሱፍ ጨርቅ መሥራት የሚችለውም ኔዶ ብቻ ነው። ሥራውን የሚሰጠው የፈረንሳይ ፋሽን ቤት የሚፈልገው ደግሞ ሽምብራን ነው።

በሩን አንኳክታ ገባች። ማሪኖ እንደ ሁልጊዜው አንድ ስልክ ፊቱ አድርጎ፣ ከኋላው ከወለል እስከ ጣሪያ በመሳቢያ ተከቦ ተቀምጧል። ማሽን የለውም፣ ኖሮትም አያውቅም። ትእዛዝ ይቀበልና ፈትሉን ለአንዱ፣ ሽመናውን ለሌላው፣ ማቅለሙን ለእህቱ ያድላል፤ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ጨርቅ የእሱ ስም አለበት። ይህ ሁሉ ሲሆን የነበረው ያለ ወረቀት ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጨርቅ ከተስማሙ ናሙናውን በጥርሳም መቀስ ለሁለት ይቆርጡታል፣ ግማሿን አንዱ ግማሿን ሌላው ይይዛል። ጠብ ከተነሣ ግማሾቹ ወደ ሰሜን በሚያይ መስኮት ሥር፣ ጥርስ ለጥርስ ይገጠማሉ፣ ጨርቁም ይፈርዳል። ግማሿን የመለሰልህ ሰው ደግሞ ከአንተ ጋር ጨርሷል ማለት ነው፤ ቃል አይጨምርበትም፣ አንተም ለምን ብለህ አትጠይቅም። ዶሪያና በሃምሳ ስምንት ዓመት ዕድሜዋ ይህ ሲሆን ያየችው ሁለት ጊዜ ነው፣ በሁለቱም ጊዜ ግማሽ የተመለሰለት ሰው በዓመቱ በሩን ዘግቷል። ይህን ለዶክተር ሶርማኒ የነገራት የለም፣ እሷም አልጠየቀችም።

«ለአሥር ሰዓቱ ፊርማ ኔዶን ይዘሽው ነይ» አላት ማሪኖ፣ የቀለም ቁራጮቹን እያገላበጠ። «ብቻውን በአውቶቡስ ከመጣ መንገድ ላይ ከሁሉም ጋር ሲያወራ ይመሻል።»

«እሺ» አለች። ሌላ ቃል ልትጨምር ፈልጋ ነበር፣ ዶክተሯ ግን ፈገግ ብላ ወንበር ሳበችላት፣ ወንበሩ ደግሞ አስጠላት፣ ወጣች።

ማሪኖ ተከትሏት ወረደ። ሥር ያለው ቡና ቤት ገቡ፣ እንደ ወትሮው ቆመው ሊጠጡ። ሲኒው ከሰኞ ጀምሮ አንድ ዩሮ ከሃያ ገብቷል፣ ባንኮኒው ላይ የተደገፈው ሁሉ ስለ እሱ ያጉረመርማል። ወንድምና እህት አላጉረመረሙም። ማሪኖ ስኳሩን አማሰለ፣ ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ማማሰሉን አልተወም። በልጅነታቸው እናታቸው ሳህን የሰበረውን ስትፈልግ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው፣ ሾርባውን ያማስል ነበር።

«ዘጠነኛው አንቀጽ ስለ ኔዶ ነው አይደል?»

«ሰማሽ?»

«መስታወቱ ጣሪያ አይደርስም ማሪኖ።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሰውዬው ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ፈረንሳዮቹ በየወቅቱ ሠላሳ ሺህ ሜትር ነው የሚሉት። በአራት መሸመኛ ሠላሳ ሺህ ሜትር? ነገ ጠዋት ቢሞትብን ሽምብራው አብሮት መቀበሩ ነው።»

«ታዲያ ይህንኑ ንገረው።»

«ብነግረው ይሰጠኛል?» አለና ዓይኗን አያት፤ እውነቱን ነበር የሚጠይቃት። «ዘጠኝ ሠራተኛ አለሽ ዶሪያና። እኔ ስድስት ቤት ለማዳን ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ዛሬን ዝም በይልኝ።»

ሊከፍል ቦርሳውን ሲከፍት ሰማያዊዋን የናሙና ግማሽ አየቻት። ሁልጊዜም ያያታል ዓይኗ። አባታቸው በሞቱ ማግሥት፣ ሴት ልጅ የማቅለሚያ ገንዳ ላይ ቆማ ምን ልትሠራ ነው ተብሎ ደንበኛው ሁሉ ሲሸሻት፣ ጨርቅ ይዞ የመጣው ማሪኖ ብቻ ነበር። ሰማያዊ ቀለመችለት። ከቀለም ቤቱ በር ላይ ሰው ሁሉ እያየ ናሙናዋን ለሁለት ቆረጣት፣ ግማሿን በቦርሳው ከተተ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የምሠራው ከእሷ ጋር ነው» አለ። ጎረምሳ ነበር፣ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእሷ ግማሽ በመነጽር ማኅደሯ ውስጥ ናት፤ መነጽሯን ባወጣች ቁጥር ጣቷ ይነካታል።

ቀለም ቤቷ ተመልሳ መቀመጥ አቃታት። ከገንዳ ገንዳ ሄደች፣ ያልተጠየቀችውን ሙቀት ለካች፣ የተዘጋ ቧንቧ ዘጋች፣ እንደገና ከፍታ ዘጋች። እንፋሎቱ ፊቷን አረጠበው። አልባኒያዊው አጊም፣ ከሁሉም በፊት የተቀጠረው ሠራተኛዋ፣ እጁን በሽርጡ እየጠረገ መጣ። ከሚስቱ ጋር ቤት ሊገዙ ነው፣ ሁለት ክፍል፣ ከወንዙ ማዶ፤ ባንኩ ከአሠሪው ደብዳቤ ይፈልጋል። ቋሚ ነው የሚል። «የፈረንሳዩ ሥራ ዛሬ ይፈረማል አሉ» አለ እየሳቀ፣ «እንግዲህ ደብዳቤው ላይ ቋሚ ስትይ ውሸት አይሆንብሽም።» የባንኩን ወረቀት ተቀበለችው፣ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው፣ «ነገ» አለችው። ሰውዬው አመስግኗት ሄደ፣ ምስጋናው እንደ ስድብ ተሰማት። በራሷ ተናደደች። ኔዶ ዘመዷ አይደለም፣ አልወለዳትም፣ ያስተማራትም ነገር የለም። ዘጠኝ ሰው በአንድ ሽማግሌ። ሒሳቡ ግልጽ ነው አለች፤ ከዚያ የዘጋችውን ቧንቧ እንደገና ዘጋች።

ስድስት ሰዓት ላይ የኔዶ ቤት ደረሰች። ከላይ መኖሪያው፣ ከታች መሸመኛው፤ ግድግዳው እንደ አሮጌ ባቡር ይንቀጠቀጣል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሁለቱን ፎቅ የሚለያቸው ነገር የለም፣ ድስቱ ሥር የክር ብናኝ አለ፣ መሸመኛው ላይ የዳቦ ፍርፋሪ። ኔዶን ያገኘችው ከጓሮ ነው፣ ጥንቸሎቹ ሳጥን ፊት ተንበርክኮ። በዚህ ከተማ ሽማግሌዎቹ ለእንስሳ ቀለብ መስጠትንም «ማስተዳደር» ነው የሚሉት፤ ዶሮ ያስተዳድራሉ፣ አሳማ ያስተዳድራሉ።

«ቆይኝ ልጄ፣ እነዚህን አስተዳድሬ ልጨርስ» አላት። «ዛሬ ደግሞ እኔ ልተዳደር ነው አሉ። ያቺ ዶክተር ለስድስት ወር ስትለው የከረመችው ነገር ምን ነበር?»

«ገቨርናንስ» አለችው፣ አስተዳደር ማለቷ ነው።

«እሱን። የክር ፈታዩን ቤት ሰውዬ ምንድን ነው ብለው ‹የሚታጠብ ጨርቅ አይደለም መሰለኝ› አለኝ።» ብቻውን ሳቀ፣ ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። «ነይ ብይ። ሾርባ አለ፣ የትናንት ነው፣ የትናንቱ ይሻላል።»

የዳቦውን ሾርባ በሉ። እሷ ሦስት ጊዜ ተነሣች፤ አንዴ ውሃ ልትቀዳ፣ አንዴ መስኮት ልትዘጋ፣ አንዴ ለምን እንደሆነ ረስታው ተመለሰች። ኔዶ በዓይኑ ተከተላት። ከበላ በኋላ ከመሳቢያ ውስጥ በገበያ ፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣ፣ የጥለት ደብተሩ ነው። ከአባቱ የወረሰው፣ እሱም ሃምሳ ዓመት ሙሉ የጨመረበት፣ የሽምብራው ድር እንዴት እንደሚላላና ማጉ የት ላይ እንደሚጠብቅ በትንንሽ አራት ማዕዘን የተሣለበት። ለማንም አሳይቶት አያውቅም። ሚስቱ እንኳ አቧራውን ስትጠርገው ዓይኗን እንድትጨፍን ያደርጋት ነበር እያሉ ያሙታል። አሁን ፌስታሉን ዶሪያና ጭን ላይ አኖረው።

«አንቺ ያዢልኝ። እኔ መንገድ ላይ ከሰው ጋር ሳወራ እጥለዋለሁ።» ከዚያ የጠረጴዛውን ፍርፋሪ በመዳፉ እየሰበሰበ፣ «ወረቀቱን አንብበሽዋል?» አላት።

«አንብቤዋለሁ።»

«ደህና ነው?»

«ረጅም ነው ኔዶ» አለች። በእርጅናው ሊጫወቱበት ለተዘጋጁ ሰዎች አሳልፋ የምትሰጠው በዚህች ቃል መሆኑን አውቃለች፣ ቃሏ ግን ከአፏ ወጥቷል።

«አንቺ ካነበብሽው በቃ» አለና ባርኔጣውን ፈለገ።

የውል አዋዋዩ የባርዳዚ ቢሮ አደባባዩ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ትልቅ ሞላላ ጠረጴዛ፣ አሥራ ሁለት የቆዳ ወንበር፣ ጥግ ላይ ሰው የማይነካው የብስኩት ሳህን። ሰባቱ ቤቶች ተሰብስበዋል፤ ክር ፈታዩ አለ፣ ፈትሉን ለሽመና የሚያዘጋጀው ካቢያው አለ፣ የማጠናቀቂያው ቤት ሁለት ወንድማማቾች አንድ ክራቫት በተራ የሚያደርጉ ይመስል አንደኛው ብቻ አስሮ መጥቷል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል ተረቱ፤ የድሩን ጫፍ ማን እንደሚይዘው ግን አይናገርም። ጫፉን የያዘው ማሪኖ በጠረጴዛው ራስ ተቀምጦ ለኔዶ ከአጠገቡ ወንበር ሳበለት፣ እጁን በትከሻው ላይ አኖረ፣ ካፖርቱን ራሱ ሰቀለለት። ደግነቱ የውሸት አልነበረም፤ ዶሪያናን ያሳመማትም ይኸው ነው። ዶክተር ሶርማኒ ሰዓቷን አየች፣ በመጨረሻው ፈጣን ባቡር ሳይሆን ከእሱ በፊት ባለው ልትሄድ ነው የፈለገችው።

ባርዳዚ ውሉን ጮክ ብሎ አነበበ፣ ሕጉ ስለሚያስገድደው። አሥራ አንድ ገጽ ነው፣ በአንድ ትንፋሽ፣ በቤተ ክርስቲያን የሙት ስም ዝርዝር በሚነበብበት ዜማ። ሲጨርስ ውሃ ጠጣና፣ «አባሪውን በተመለከተ» አለ፣ «ሁላችሁም ይዘቱን እናውቃለን ብላችሁ ከማራችሁኝ ሳላነበው እተወዋለሁ። አርባ ሦስት ገጽ ነው።» ሳቅ ተሰማ። በዚህ ከተማ አባሪ ይነበብ ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ቤት ሲሸጥ፣ ውርስ ሲከፈል፣ ድርጅት ሲቋቋም፣ ሁሉም አዋዋዩን ይምረዋል፣ አዋዋዩም እነሱን። ባርዳዚ ደንቡ ስለሆነ በየተራ ጠየቀ። «ማሪኖ?» «ይቅር።» ፈታዩ፣ «ይቅር።» ካቢያው፣ «ይቅር።» ክራቫት ያሰረው ወንድም፣ «ይቅር።» ሌላው ቤት፣ «ይቅር።»

«ኔዶ?»

«ዶሪያና እንዳለችው» አለ ሽማግሌው።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። መነጽሯን ልታወጣ ማኅደሩን ከፈተች፣ ጣቷ ጨርቋን ነካት። አጊምን አሰበች፣ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ሁለት ክፍሎች። ከዚያ በር ላይ ቆሞ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ «ከእሷ ጋር ነው» ያለውን ጎረምሳ አሰበች። ጎረምሳው አሁን በጠረጴዛው ራስ ተቀምጦ የሌለ ስኳር ያማስላል፣ ጣቱ ጠረጴዛው ላይ ክብ ይሠራል። ቀና ብሎ አላያትም።

«ይነበብ» አለች።

«ምን አልሽ?» አለ ባርዳዚ፣ ያልሰማ ሳይሆን ያላመነ።

«አባሪው ይነበብ። ቀስ ተብሎ።»

ባርዳዚ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ፊቱ አስቀመጠ፣ ማንበብ ጀመረ። ዶክተሯ ወደ ማሪኖ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ሹክ አለችው፣ ማሪኖ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ማዞሩን አልተወም። ፈታዩ እስከዚያ ድረስ ማንም ያልነካውን ብስኩት አነሣ፣ ሲቆረጥመው ጎላ ብሎ ተሰማ፣ የቀረውን ሳይበላ በእጁ ያዘው። ኔዶ ግን መዳፉን ከጆሮው ኋላ አድርጎ፣ መሸመኛ ክር ሲበጥስበት በሚያዳምጥበት ዓይነት ያዳምጥ ነበር። ዘጠነኛው አንቀጽ ሃያ ሁለተኛው ገጽ ላይ መጣ። ባርዳዚ በዚያው ዜማ አነበበው፣ አለፈ።

«ይቅርታ አዋዋይ፣ ይቺን ይድገሙልኝ።»

ደገመለት።

«መለኪያው ስንት መሸመኛ ነው?»

«ስምንት።»

«እኔ አራት ነው ያለኝ» አለ ኔዶ፤ ለሰዎቹ የማያውቁትን የሚነግራቸው ይመስል። ከጠረጴዛው ዙሪያ ዓይኑን የሚያገኝ አልነበረም። ትንሽ አሰበና ሳቅ አለ። «እንዲህ ካላችሁኝማ ይቺን አስተዳደር አውቃታለሁ። ጥንቸሎቼን የማስተዳድረው እንዲሁ ነው። ጠዋት አበላቸዋለሁ፣ ማታ አበላቸዋለሁ፣ አንገታቸውን አሻሻለሁ። ገና ሲደርስ አንዷን እበላለሁ።»

የሳቀለት የለም። ወደ ማሪኖ ዞረ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባትህ ቢሆኑ ፊት ለፊት ይሉኝ ነበር። ‹ኔዶ፣ ልትሞት ነው፣ ደብተሩን ለልጆቹ ስጣቸው› ይሉኝ ነበር። እኔም እሰጣቸው ነበር።» ከዚያ ወደ ዶሪያና እጁን ዘረጋ። ፌስታሉን ሰጠችው። ብብቱ ሥር አስገባው፣ ካፖርቱን ፍለጋ ተነሣ።

ማሪኖ የቆጡን ሲያወርድ የብብቱን እንደ ጣለ ለማወቅ ነጋሪ አላስፈለገውም። ሽምብራ የሌለበትን ውል ፈረንሳዮቹ አይፈልጉትም፤ ፈታዩ ይህንኑ ለካቢያው በእጅ ምልክት ነገረው። ማሪኖ ግን አልጮኸም። ከወንበሩ ተነሣ፣ ቦርሳውን አወጣ፣ ከገንዘቡ ኋላ ካለችው ኪስ ሰማያዊዋን በሁለት ጣቱ ሳባት። ከመተሻሸት ብዛት የጠርዟ ጥርስ ሳስቷል። ዶሪያና ፊት አስቀመጣት፣ ከላይዋ ላይ የታጠፈችውን አንድ ክር አስተካከለላት፣ ወጣ። ሲወርድ እግሩ ደረጃው ላይ ቀስ እያለ ተሰማ። ካቢያው ባርኔጣውን ከራሱ አነሣ፣ ሰው ሲሞት እንደሚነሣው። ወንድማማቾቹ ጫማቸውን አዩ።

በክፍሉ ካሉት ነገሩ ያልገባት ዶክተር ሶርማኒ ብቻ ናት። ወረቀቶቿን እየሰበሰበች ጎንበስ ብላ ጨርቋን አየቻት። «እንዴት የሚያምር ሰማያዊ ነው» አለች፣ «ምንድን ናት? ስጦታ ነው?»

«ገቨርናንስ ናት ዶክተር» አለቻት ዶሪያና።

ዶሪያና ከኔዶ ጋር ወርደው መኪናዋ ውስጥ ገቡ። ገና አልጨለመም፣ ሱቆቹ ግን መብራት አብርተዋል። ነገ ጠዋት ማሪኖ እንድታቀልምለት የሰጣትን ጨርቅ መልሶ ለመጫን ግቢዋ መኪና ይልካል፣ አጊም ደብዳቤውን ይጠይቃታል፣ ምን እንደምትለው አታውቅም። ኔዶ ደብተሩን ታቅፎ ተቀምጧል። «ጥንቸሎቹ ይርባቸዋል» አላት፣ ሊያጣድፋት ሳይሆን እንዲሁ የሚባል ነገር ፈልጎ። «እሺ» አለችው፣ ቁልፉን ግን አላዞረችም። ማኅደሯን ከፍታ የራሷን ግማሽ አወጣች፣ ከማሪኖ ግማሽ ጋር ጉልበቷ ላይ ገጠመቻቸው። የእሷ ቀለሟን ጠብቃለች፣ የእሱ በወንድ ኪስ ላብ ገርጥታለች፤ ጥርሶቹ ግን ይገጥማሉ። አለቀሰች፣ ኔዶም በመስኮቱ ወደ ውጪ አየላት። ሁለቱም ግማሾች አንድ ሰው እጅ ገብተዋል፣ ናሙናዋ ሙሉ ሆናለች። በዚህ ከተማ ሙሉ ናሙና ደግሞ ለምንም አይረባም።